የትኛው ሞተር?

ኅዳር 6

ለወንድሜ ልጅ ለብሎን፣

ይህ ወረቀት በሙሉ ጤና፣ በሰፊ ልብና በደህና እንቅልፍ ያግኝህ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከጉልበቴ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው። ሰው አገር ሄደህ ትልቅ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ብትሆንም፣ ለእኔ ያው ሱሪህን ባጠብኩ ቁጥር ከኪስህ ብሎን የማወጣልህ ልጅ ነህና ስሙን አልቀይርም።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ መኪናዋ ነው። ባለቤቴ፣ ጋሼህ፣ ካረፈ ወዲህ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። መንጃ ፈቃድ ማውጣቴን ነግሬሃለሁ? አልነገርኩህም፤ እንዳትስቅብኝ ፈርቼ ነው። አስተማሪዬ “እማማ፣ ፍሬኑን ይልቀቁት እንጂ፣ እግርዎ ስር ያለው እባብ አይደለም” እያለ ሲቀልድብኝ ከረመ። በመጨረሻ እሱም ገረመው፣ እኔም ገረመኝ፣ አለፍኩ። የዚያኑ ቀን ሸራውን ገፈፍኩላት።

ይህን ሁሉ ያደረግኩት ለሽርሽር አይደለም። የዳቦ ፋብሪካው የሠራተኞቹን ጋዋን እንድሰፋለት ተስማምቷል፤ ነገር ግን አዲሱን ማድረስም የተቀደደውን መሰብሰብም የእኔ ድርሻ ነው። ያለ መኪና ይህ ሥራ የለም። ያለዚህ ሥራ ደግሞ የስፌት ቤቴን በር ቆልፌ ከሰው እጅ ማየት ነው የሚቀረኝ።

ችግሩ ይኸውልህ። እየነዳሁ ሳለሁ ደህና ናት። ሰልፍ ይዞኝ ስቆም ግን የሙቀቱ ቀስት ሽቅብ መውጣት ይጀምራል፣ ትንሽ ከቆየሁ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ይትጎለጎላል። መንገዱ ሲከፈትና ስንቀሳቀስ መልሳ ትበርዳለች። የሰፈራችን መካኒክ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት “ሞተር ይወርዳል” አለኝ። ይህን የሰማው ዋርሳዬ፣ የጋሼህ ታናሽ ወንድም፣ በማግስቱ ገዢ ይዞልኝ መጣ። የመኪናዋ ሊብሬ ከቀብሩ ጀምሮ እሱ ዘንድ ነው። በጋሼህ ስም ስለሆነ “የወንድሜን ጉዳይ እኔ እጨርሳለሁ” ብሎ ወስዶት ሳይመልስ ቀረ። አሁን ባየኝ ቁጥር “እትዬ፣ ሽጠሽ ተገላገይ” ይለኛል። እኔ መገላገል አልፈልግም።

ገንዘብ እንዳትልክልኝ፤ ሐሳብ ላክልኝ። የቤቱ ስልክ ተቆርጧል። ቢኖርም “ደህና ናችሁ፣ ደህና ነን” ስንባባል ነው የሚያልቀው። ስለራስህም ጻፍ። ያለፈው ደብዳቤህ ከሰላምታው ውጭ ስለ አየሩ ብቻ ነበር።

አክስትህ


ኅዳር 29

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ እኔ ያልቻልኩትን ርቀት አቋርጦ ደጅዎ ይድረስ፣ ጉልበትዎንም ያበርታልኝ። ደብዳቤዎን ጋራዥ ውስጥ በምሳ ሰዓት ነው ያነበብኩት። መንጃ ፈቃዱ ላይ ስደርስ ጮክ ብዬ ስቄ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እንኳን ደስ አለዎት። በእርስዎ ላይ ሳይሆን በአስተማሪው ላይ ነው የሳቅኩት።

አሁን ወደ መኪናዋ። ሲሄዱ ደህና፣ ሲቆሙ ሙቀት። ይህች የእርስዎ አነጋገር ግማሹን ሥራ ጨርሳልኛለች። መኪና ሲሄድ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል። ሲቆም ነፋስ ስለሌለ ከራዲያተሩ ጀርባ ያለው ማራገቢያ ተነስቶ መዞር አለበት። ማራገቢያውን የምትቀሰቅሰው ራዲያተሩ ጎን፣ ወደ ታች ገደማ የተጠመዘዘች፣ ሁለት ሽቦ የሚመጣባት ትንሽ ማብሪያ ናት። ውሃው ሲግል ራሷ ታበራለች፣ ሲበርድ ራሷ ታጠፋለች። አንዳንዴ ታረጅና እንቅልፍ ይጥላታል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ሊጠረጥር ይችል ነበር።

ይህን ያድርጉልኝ። መጀመሪያ የማራገቢያውን ፊውዝ ይዩ፤ ውስጡ ያለችው ቀጭን ክር ካልተበጠሰች ደህና ነው። ከዚያ ጠዋት፣ ሁሉ ነገር ቀዝቅዞ ሳለ፣ ቁልፉን ዳሽቦርዱ ላይ መብራቶቹ እስኪበሩ ብቻ ያዙሩት። ሶኬቱን ከማብሪያዋ ላይ ይንቀሉና የሶኬቱን ሁለት ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ ያገናኙ። ሞተሩ ከተነሳ እሰየው፣ የታመመችው ማብሪያዋ ብቻ ናት፤ እኔ ከዚህ አዲስ እልክልዎታለሁ። ሞተሩ ዝም ካለ ግን ሞተሩ ተቃጥሏል ማለት ነው። ያኔ ነገሩ ይከብዳል፣ ሌላ እንመክራለን። እጅዎንና ሻሽዎን ከማራገቢያው ያርቁ፣ ሲነሳ አስፈቅዶ አይደለም። በጋለችበት ሰዓት ደግሞ የራዲያተሩን ክዳን ፈጽሞ እንዳይነኩ፤ ፊት ያቃጥላል።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራ አለ። አየሩ በርዷል።

ብሎን


ጥር 3

ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ከረምክ? ፈጣሪ ጤናህን ያብዛልህ። እኔ አለሁ።

ያልከኝን ሁሉ አደረግኩ። ፊውዙ አልተበጠሰም። ቁልፉን መብራቶቹ እስኪበሩ አዞርኩ፣ ሶኬቱን ነቀልኩ። ቁራጭ ሽቦ ስላጣሁ ትልቋን የመርፌ ቁልፍ ከፍቼ ሁለቱ ቀዳዳ ውስጥ ሰካኋት። ሞተሩ አልተነሳም። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ አልተነሳም። ማራገቢያው ብቻ እንደ ጉድ እየተሽከረከረ ልብሴን ሲያራግበው ነበር እንጂ ሞተሩ ትንፍሽ አላለም። በቁልፍ ሲሆን ይነሳል፣ በሽቦ ግን አልተነሳም። ውስጡ ተቃጥሎ ኖሯል ብዬ ያዝኩት። መካኒኩም ያለው ይህንኑ ነው፣ አንተም ያልከው ይህንኑ ነው። ሁለት ባለሙያ ከተስማማ እኔ ልብስ ሰፊ ምን እከራከራለሁ?

ለዋርሳዬ እሺ አልኩት። ገዢው በየካቲት መጀመሪያ ይረከባታል። ለፋብሪካው ገና አልተናገርኩም፣ አፌ እንቢ ብሎኛል። ትናንት ከውስጥ ላጸዳት ገብቼ መሪውን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ምንም አላጸዳሁም።

ስለ ድካምህ ፈጣሪ ይስጥልኝ። አንተ የምትችለውን አድርገሃል።

አክስትህ


ጥር 19፣ ቴሌግራም

አይሽጡ። ሞተር ያልኩት የማራገቢያውን ሞተር ነው። የመኪናዋ ሞተር ደህና ነው። ደብዳቤ ይከተላል። ብሎን


ጥር 19

ለተከበሩ አክስቴ፣

ቴሌግራሙ ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ እንደሚደርስ ተስፋ አድርጌ እጽፋለሁ። ሰላምታዬን እዚሁ ይቀበሉኝ።

በእኛ ሥራ የሚዞር ነገር ሁሉ ሞተር ነው። የማራገቢያው ሞተር አለ፣ የዝናብ መጥረጊያው ሞተር አለ፣ የመስኮቱ ሞተር አለ። ጋራዥ ውስጥ አንዱ “ሞተሩ ተነሳ?” ሲል የትኛው እንደሆነ እጁ ካለበት እናውቃለን። የእኔ እጅ ግን እርስዎ አጠገብ አልነበረም፣ ይህን ረሳሁት። “ማራገቢያው ከዞረ” ብዬ ብጽፍ ምን ነበረበት? እርስዎ ምንም አልተሳሳቱም። የተሳሳተው ደብዳቤው ነው።

ልብስዎን ያራገበው እሱ ነው የምሥራቹ። ማራገቢያው በሽቦ ተነሳ ማለት ሞተሩም ደህና፣ ሽቦውም ደህና፣ ፊውዙም ደህና። የቀረችው ማብሪያዋ ብቻ ናት። መኪናዋ ጤነኛ ናት፣ አክስቴ። እባክዎን አይሽጧት።

አዲሱን ማብሪያ ዛሬውኑ በጥቅል ልኬዋለሁ። እስኪደርስ ድረስ የሰፈሩ መካኒክ በመርፌ ቁልፏ ፋንታ ወፍራም ሽቦ ከነፊውዙ ያብጅልዎ፤ መርፌ ቁልፍ ግላ ጣት ታቃጥላለች። ማራገቢያው ሳያቋርጥ ይዞራል፣ ግድ የለም። መኪናዋን ሲያቆሙ ግን ሽቦውን ይንቀሉት፣ አለዚያ ባትሪውን ይጨርስብዎታል።

ጥቅሉ ሲደርስ ከመግጠምዎ በፊት ማብሪያዋን ይቀቅሏት። አልቀለድኩም። ድስት ውስጥ ውሃ ያድርጉ፣ አፏን ብቻ ውሃው ውስጥ አስገብተው በክር ያንጠልጥሏት፤ ሽቦ የሚገባበት ጫፏ ውሃ እንዳይነካው። ከባትሪ ድንጋይና ከእጅ ባትሪ አምፖል ጋር በሽቦ ያገናኟት። ውሃው ሊፈላ ሲቃረብ አምፖሉ ከበራ፣ ሲበርድም ከጠፋ፣ ደህና ናት። አሮጊቷን ማብሪያም እንዲሁ ይቀቅሏትና ልዩነቱን ይዩ። ያኔ እኔንም መካኒኩንም ማመን አያስፈልግዎትም፣ በዓይንዎ አይተውታል።

ብሎን


የካቲት 12

ለተከበሩ አክስቴ፣

ባሉበት ሰላም ይሁኑልኝ። መልስ አጣሁ። ፖስታ ቤት ስለ ጥቅሉ ልጠይቅ ሄጄ ነበር፣ “መንገድ ላይ ነው” ብቻ አሉኝ። ሁሉም ነገር መንገድ ላይ ነው እዚህ ቤት።

ሸጠዋት ከሆነም አይደብቁኝ። የተሸጠ መኪና ይለመዳል፣ ዝምታው ነው የከበደኝ። በእኔ አንድ ቃል እርስዎ ስፌት ቤትዎን እየዘጉ ይሆናል ብዬ ሳስብ ሥራ ላይ እጄ ይፈዛል። አለቃዬ ትናንት “ምነው ዛሬ?” ብሎኛል።

ስለራስህ ጻፍ ብለውኝ ሁልጊዜ ስለ አየሩ የምጽፈው ምን ብዬ እንደምጀምር ስለማላውቅ ነው። እንግዲህ ልጀምር። ብቻዬን አይደለሁም። እጮኛ አለችኝ፣ ነርስ ናት፣ ስቃ የማትጠግብ ሰው ናት። ደብዳቤዎችዎን አነብላታለሁ። ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ “አክስትህ ምን አሉ?” ነው የምትለኝ። ምንም አላሉም እላታለሁ። እሷም እንደኔ ጨንቋታል።

ብሎን


የካቲት 28

ለወንድሜ ልጅ ለብሎን፣

ለአንተም፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ለምትጠይቅህ እጮኛህም ሰላም ይሁንላችሁ። ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት የየካቲት 12 ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ ነው፤ ይህችን መስመር የጨመርኩት ፖስታ ልልክ ስወጣ በር ላይ ፖስተኛው ደብዳቤህን ሰጥቶኝ፣ እዚያው ቆሜ አንብቤ፣ ተመልሼ ገብቼ ነው። ስለ እሷ ብቻ የምትጽፍበት ሌላ ወረቀት ትልክልኛለህ። አሁን የቀድሞውን አንብብ።

ዝም ያልኩህ ቀንና ሌሊት ስሰፋ ስለከረምኩ ነው፣ ይቅር በለኝ። ቴሌግራምህ ደርሷል። ግን ቴሌግራም ቤት ተኝቶ ከርሞ የደረሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ገዢው በቀጠሮው መጣ። ዋርሳዬ “ስለ ሞተሩ አፍሽን ያዢ” ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። እኔ ግን የሰው ዓይን እያየሁ መዋሸት አልችልም፣ “ወንድሜ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል” አልኩት። ዋርሳዬ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ገዢው ሳቀና “እኔ ሞተር ሲቃጠል ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ይህ ደህና ነው” ብሎ አስነስቶ ወጣ። እኔ ከኋላ፣ ዋርሳዬ ከፊት። ጥሩ እየሄድን ሳለ ገበያው አጠገብ ሰልፍ ያዘን። ቆምን። ቀስቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ እንፋሎቱ እስከ መስታወቱ ሸፈነን። ገዢው በሩን ከፍቶ ወረደ። “እሜቴ፣ እርስዎ እውነተኛ ሰው ነዎት” ብሎኝ በእግሩ ሄደ። መኪናዋ እስክትበርድ ጠብቀን እኔ ነድቼ ተመለስን።

ቤት ስንደርስ ቴሌግራምህ በሩ ስር ገብቶ ነበር። አነበብኩት። መልሼ አነበብኩት። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ መልሱ ፊቴ ላይ ሲነፍስብኝ ኖሯል። ዋርሳዬ አበደች ብሎ ውሃ አመጣልኝ። ቴሌግራሙን ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና “ይህ ልጅ ከዚያ ሆኖ ምን ያውቃል?” ብሎ ሄደ። ሊብሬውን ግን አልመለሰም። “ሌላ ገዢ አይጠፋም” ይላል።

መካኒኩ ጋ ሄጄ ወፍራሙን ሽቦ አሠራሁ። ደብዳቤህን ሳነብለት መጀመሪያ አኩርፎ ሰማ፣ ስጨርስ “ልክ ነው፣ ማየት ነበረብኝ” አለ። ሽቦውን በነጻ ሠራልኝ። አሁን ማራገቢያው ከቤት ወጥቼ እስክገባ እየጮኸ እነዳለሁ። ሰፈሩ “አውሮፕላኗ መጣች” ይለኛል። ጥቅልህን እየጠበቅኩ ነው።

አክስትህ


መጋቢት 24

ለወንድሜ ልጅ ለብሎን፣ ለእጮኛህም፣

ሁለታችሁም በፍቅርና በጤና ቆዩኝ። ጥቅሉ ደረሰ። ለእንዲህ ያለች ጣት የማታክል ነገር ያን ያህል ወረቀት መጠቅለል ምን ይሉታል?

እንዳዘዝከኝ ቀቀልኳት። አሮጊቷን መካኒኩ ራዲያተሩን አጉድሎ ፈትቶ ሰጠኝ። መጀመሪያ እሷን በክር ከማማሰያው ላይ አንጠልጥዬ ውሃው ውስጥ ነከርኳት። ውሃው ሞቀ፣ ፈላ፣ ተንተከተከ፣ አምፖሉ ጨለማ ነው። ዋርሳዬ በዚህ መሃል ገባ። “ምን እየሠራሽ ነው?” አለኝ። “ማብሪያ እየቀቀልኩ” አልኩት። “እትዬ፣ ጤናሽ ነው?” አለ። “ተቀመጥና እይ” አልኩት። አዲሲቷን አንጠልጥዬ በቀዝቃዛ ውሃ ጀመርኩ። ሁለታችንም ድስቱ ላይ አጎነበስን። ውሃው ገና ሊፈላ ሲል አምፖሉ ቦግ አለ። ከእሳቱ አወረድኩት፣ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ዋርሳዬ “እንደገና አድርጊው” አለኝ። እንደገና አደረግኩት። ያ ሰው ለካ ልጅ ነው።

መካኒኩ ገጠመልን፣ ውሃ ሞላልን። በማግስቱ የፋብሪካው ጋዋን የሚደርስበት ቀን ነበር። ዋርሳዬ ሳልጠራው በጠዋት መጣ። በጀሪካን ውሃ ሞልቶ ይዟል። “ስትቆሚ ማን ይደርስልሻል? አብሬሽ እሄዳለሁ” አለ። ጀሪካኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ከጎኔ ተቀመጠ። ከኋላ ጋዋኑ እስከ ጣራው ነው።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ እየተጠገነ ነው፣ በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚያሳልፉት። ሰልፉ ረጅም ነው። ቆምን። ቀስቱ መውጣት ጀመረ። እኔ መሪውን አጥብቄ ያዝኩ። ዋርሳዬ ቀስቱን እያየ የጀሪካኑን ክዳን ቀስ ብሎ መፍታት ጀመረ። ጋዋኑ ቢዘገይ፣ ከፋብሪካው በር ቢመልሱኝ፣ ሥራው ቢቀርብኝ፣ ሁሉም በልቤ አለፈ። ከዚያ ከፊታችን ማራገቢያው ተነሳ። ማንም አልነካውም፣ በራሱ ተነሳ። ቀስቱ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ታች መጣ።

ዋርሳዬ ክዳኑን መልሶ ጠመዘዘው። ወደ መስኮቱ ዞሮ እንዲህ አለኝ፦ “ከግቢ ስትወጪ ድምጿን በሰማሁ ቁጥር ወንድሜ የመጣ ይመስለኛል። ወጥቼ አያለሁ። እሱ አይደለም። ለዚህ ነው ከሰፈሩ እንድትጠፋልኝ የፈለግኩት።” እኔ ስለ ብር ይመስለኝ ነበር። “እኔም ስነዳት አብሮኝ ያለ ይመስለኛል፣ ለዚህ ነው እንድትቀር የፈለግኩት” አልኩት። ሁለታችንም እዚያው አለቀስን። ከኋላ ያለው ሹፌር ክላክስ ባያደርግብን ሰልፉ መንቀሳቀሱንም አናውቅም ነበር።

ጋዋኑን በሰዓቱ አስረከብኩ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ስፌቱን ጎተት ጎተት አድርጎ አየና የሚቀጥለውን ትዕዛዝ ሰጠኝ። ስንመለስም ድልድዩ ላይ ቆምን፣ ማራገቢያው ተነሳ፣ ተኛ። ዋርሳዬ በመንገዱ ሁሉ ስለ ጋሼህ ያወራኝ ነበር፣ እኔ የማላውቀውን፣ የልጅነታቸውን።

ደጃፉ ላይ አወረድኩት። ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ወረደ። የተቀመጠበት ወንበር ላይ የታጠፈ ፖስታ ቀርቷል። ከፈትኩት፣ ሊብሬው ነው። በእኔ ስም እንዲዞር የፈረመበት ወረቀት አብሮት አለ። መስኮቱን አውርጄ “ይህን ረስተሃል” አልኩት።

“አልረሳሁትም” አለኝና ግቢው ውስጥ ገባ።

አክስትህ